ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፦ የሚስዮን ሕክምና በቆቦና በራያ ቆላ

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ወልድያን ሲያልፍ ደጋው ከኋላው ይቀራል። አየሩ ይሞቃል፤ ሜዳው ይሰፋል፤ በመኸር ወራት የማሽላው ቁመት ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ሁሉ ይጋርዳል። ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃና አላማጣ በዚሁ አንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ይገኛሉ። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ ሜዳውን ከሁለት ወገን ይዘጉታል። ከአላማጣ በኋላ መንገዱ ግራካሱን እየተጠማዘዘ ወጥቶ ቆረም ይደርሳል።

ይህ መንገድ ብዙ ነገር አመላልሷል፤ ጦር፣ እህል፣ ስደተኛ፣ በሽታ። ሐኪምም አመላልሷል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ከእነዚያ ሐኪሞችና ነርሶች መካከል በክርስትና እምነታቸው ተነሣሥተው የመጡት ናቸው። ምን ሠሩ? ምን ትተው ሄዱ? ከአስፋልቱ ርቆ ላለው ገጠርስ ምን ያህሉ ደረሰው?

አገሩ ሐኪም የሚያስፈልገው መሆኑን ለመረዳት በመስከረምና በጥቅምት ቆላውን ማየት ይበቃል። የክረምቱ ዝናብ ሲያቆም፣ ጎሊናና ሆርማት ጎድለው በየዳርቻቸው ኩሬ ሲተዉ፣ የወባ ትንኝ ትራባለች። ማሽላው ፍሬ ይዞ ከወፍ ጥበቃ በሚፈልግበት በዚያው ሰሞን ገበሬው ብርድ ብርድ ብሎት ይተኛል። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ደግሞ ሰውነቱ ወባን ስለማያውቃት ይብስበታል። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ የወባ መከላከያ ሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሸለቆ ነበር፤ ሌሎቹ ደንቢያ፣ ጋምቤላና የአዋሽ ሸለቆ ናቸው። በ1950 ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 መጀመሪያ የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1951 ዓ.ም. ተቋቁሞ ረጪዎቹ የዲዲቲ ፓምፕ ተሸክመው ጎጆ ለጎጆ የዞሩት ከዚያ ወዲህ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ መንግሥት እንጂ ማንም ሚስዮን ብቻውን አይሸከመውም። ይህን ማስታወስ ሚስዮኖቹን በልካቸው ለማየት ይረዳል።

ራያ የውጭ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ ያለ ሕክምና የኖረ አገርም አልነበረም። የተሰበረውን አጥንት ወጌሻ ያቃናል፤ ምጥ የያዛትን ሴት የልምድ አዋላጅ ትይዛለች፤ ክርስቲያኑ ጠበል ይጠመቃል፤ ሙስሊሙ ዱዓ ያስደርጋል፤ ቅጠልና ሥር የሚያውቅ ሰው ከሁለቱም ወገን አይታጣም። ቄሱ የንስሐ ልጁ ሲታመም ከቀዳሚዎቹ ጠያቂዎች አንዱ ነው። በሽተኛን መጠየቅ፣ ማስታመም፣ ለድሀ መመጽወት ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት አይደለም። ሚስዮናዊው ሐኪም ይዞት የመጣው አዲስ ነገር ኪኒኑ፣ መርፌውና የቀዶ ሕክምና ቢላው ነው። እነዚህም ቢሆኑ ከመታመናቸው በፊት የያዛቸው ሰው መታመን ነበረበት።

የወንጌል መልእክተኞች በኢትዮጵያ ሕክምናን የያዙት አስቀድመው ነው። አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1911 ዓ.ም. ከሱዳን ተሻግሮ ወለጋ ገባ፤ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አገር ያስለቀሰበት ዓመት ነው። ቆይቶ በአዲስ አበባ ጉለሌ ሆስፒታል አሠራ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮንን ባልደረቦች ይዞ ወደ ደቡብ ተጓዘ። በሰሜኑ በኩል የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስቶች ደሴ ላይ በተፈሪ መኮንን ስም የተሰየመ ሆስፒታል ይመሩ ነበር። ከቆቦ ደሴ የብዙ ቀን የእግር መንገድ ቢሆንም ለራያ ሰው በዚያ ዘመን ከሚቀርቡት ሆስፒታሎች አንዱ ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ጸሐፊ ሆኖ የተሾመው ይኸው ላምቢ ነበር። የጣልያን ጦርነት በደጅ ነበር፤ ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነሱ አንጋፋው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የዚሁ የወሎ ምድር ታሪክ አካል ናቸው። በልጅነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው ህንድ ውስጥ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ላሆር ላይ በሐኪምነት ተመረቁ። ጣልያን ሲወር ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ከተቃጠለ አምባ የተወሰደ ሕፃን ሐኪም ሆኖ አገሩን ማገልገሉ፣ አንድን ልጅ ማስተማር ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ያሳያል።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የአድቬንቲስቶቹ ሆስፒታል የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት ቦምብ ወደቀበት። በዚያው ሰሞን በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ በሚስዮናዊው ሐኪም በፍሪዴ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን አምቡላንስ የተባለው የሕክምና ቡድን ተደበደበ። የቀይ መስቀሉ ባንዲራ መጠለያ መሆኑ ቀርቶ ዒላማ ሆነ።

በቆቦ መንገድ ወደ ሰሜን ከወጡት አምቡላንሶች መካከል አንዱን ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። መሪው ዶክተር ጆን ሜሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ተሸልሟል፤ እምነቱ የጸና ክርስቲያን ነበር፤ ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ወደ ኢትዮጵያ የመጣውም አዲስ አበባ ላይ የሚስዮን ሆስፒታል የማቋቋም ሐሳብ ይዞ ነው። ወረራው ሲጀመር ያን ሐሳብ አቆይቶ በአገሩ ሕዝብ መዋጮ የእንግሊዝ አምቡላንስ አገልግሎት የተባለውን ቡድን አደራጀ። ካሚዮኖቹ ድንኳን፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃና መድኃኒት ጭነው ከደሴ ወደ ሰሜን ወጡ። ከባልደረቦቹ አንዱ ጆን ማክፊ የሐሩር አገር በሽታዎች ዐዋቂ ነበር፤ ያየውን በየቀኑ እየጻፈ ያቆየው ማስታወሻ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1936 በእንግሊዝ አገር ታትሟል።

የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ቆረም አጠገብ የሰፈረው የሜሊ የድንኳን ሆስፒታል ከአውሮፕላን ተደበደበ። ምልክቱ ከሰማይ በግልጽ ይታይ ነበር። ድንኳኖቹ ነደዱ፤ ሊድኑ የመጡ በሽተኞች በተኙበት ሞቱ። የቀሩት ሰዎች ዕቃቸውን ከፍርስራሹ ለቅመው ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚያ ወር ከሚመጡባቸው ቁስለኞች ብዙዎቹ የሰናፍጭ ጋዝ ያቃጠላቸው ነበሩ። ጋዙ እንደ ጠል ሣር ላይ ያርፋል፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ወታደር ሲረግጠው ምንም አይሰማውም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። ዓይኑ ያበጠውን በእጁ እየመሩ ያመጡታል። ለዚህ የሚሆን ማርከሻ አልነበረም። የሚቻለው ማጠብ፣ መቀባት፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና አጠገቡ መቀመጥ ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ ማርሴል ጁኖ ቆረም ደርሶ የጋዝ ቁስለኞችን በዓይኑ አይቶ መስክሯል።

መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ። የሜሊ ቡድን ከሚያፈገፍገው ሠራዊት ጋር ወደ ደቡብ ተመለሰ። አዲስ አበባ በዘረፋ ስትታመስ ሜሊ ከመንገድ ቁስለኞችን እያነሣ ነበር። ሚያዝያ 25 በጥይት ተመታ፤ ጣልያን ከተማዋን በያዘበት በሚያዝያ 27 ሞተ። ሊያቋቁመው ያሰበው ሆስፒታል አልተሠራም።

ሰውየው ያሳየው ድፍረትና ፍቅር ሊነገር ይገባዋል። ግን ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት ቆረም ላይም ሆነ ቆቦ ላይ ቁስል አጥቦ መጠቅለል የሚችል የሠለጠነ ሰው አልቀረም፤ ጦርነቱ ለዚያ ጊዜ አልሰጠም። ከዚህ በኋላ የመጣውን ሁሉ የምንመዝነው በዚህ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በማን እጅ ምን ቀረ?

ከነጻነት በኋላ ነገሩን የለወጠው አንድ ሕግ ነው። በ1936 ዓ.ም. መንግሥት የሚስዮኖችን ሥራ የሚወስን ድንጋጌ አወጣ። አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ሚስዮኖች እንዲሰብኩ የተፈቀደበትና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል የተባለው። በሁለተኛው ውስጥ የሚስዮን ድርጅት ሊሠራ የሚችለው ከሃይማኖት ወገንተኝነት የራቀ የትምህርትና የሕክምና ሥራ ብቻ ሆነ። አንዳንድ ሚስዮናውያን ይህን እንደ ገደብ አይተውታል። በሽተኛው ግን ተጠቀመ። ወደ ሰሜን ሊመጣ የፈለገ ወንጌላዊ መጀመሪያ ሐኪም፣ ነርስ ወይም መምህር ይዞ መምጣት ግድ ሆነበት።

ለወሎ ከዚህ ዘመን የተረፈው ትልቁ ነገር ቦሩ ሜዳ ነው። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ባደረጉበት ሜዳ፣ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን በ1940ዎቹ ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከፈተ። በሽታው ያለበት ሰው በዚያ ዘመን ከቤተ ዘመድ ይርቃል፤ ከገበያ ይገለላል፤ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለልመና የመጨረሻ መጠጊያው ይሆናል። ከራያ ቆላ ተነሥቶ ደሴ ድረስ የሄደ የሥጋ ደዌ በሽተኛ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን በእጁ ይዞ የሚያየው ሰው ያገኘው እዚያ ነው።

እግር መያዙ ለስሜት ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። የሥጋ ደዌ ተሕዋስ የሚጎዳው ቆዳንና ነርቭን ነው። ነርቩ ሲሞት እጅና እግር ይደነዝዛል። የደነዘዘ እጅ የጋለ ጀበና ሲይዝ አያውቅም፤ የደነዘዘ እግር የግራር እሾህ ሲወጋው ባለቤቱ አይሰማውም፤ ገበሬው እሾሁን ይዞ ሲያርስ ይውላል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ አጥንት ይነካል። ሰው ሁሉ በሽታው ጣት እንደሚቆርጥ ያምን ነበር። ህንድ አገር ቬሎር በሚባል የሚስዮን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ከሌሎች ጋር ሆኖ ያስረዳው ግን ሌላ ነው፤ ጣት የሚጠፋው በየቀኑ ሳይታወቅ በሚደርስ ቁስልና ቃጠሎ ነው፤ ይህንን ደግሞ መከላከል ይቻላል።

መከላከያውም ቀላል ነው። በሽተኛው ማታ እግሩን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይነክራል፤ የጠጠረውን ቆዳ በድንጋይ ይፈገፍጋል፤ ቅባት ይቀባል፤ ከዚያ በመብራት አጠገብ ሁለቱንም ውስጥ እግር ገልብጦ ያያል፤ ማየት የተሳነው እንደሆነ ልጁ ታይለታለች። መቅላት፣ ውኃ መቋጠር፣ እሾህ ካለ በዚያው ቀን ይደረስበታል። ሶሉ ለስላሳ፣ ውጭው ጠንካራ የሆነ ጫማ ይሰፋለታል። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው፣ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል ይህን ሙያ ለሐኪሞችና ለነርሶች ከብዙ አገር እየሰበሰበ ሲያስተምር ኖሯል። አለርት ያረፈበት የዘነበወርቅ ሠፈርም በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀው ከጣልያን ወረራ በፊት በሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ሥራ ነው። ያ ቀላል ሥራ ከሆስፒታል ወጥቶ የበሽተኛው ቤት መግባቱ ከማንኛውም ትልቅ ሕንፃ ይበልጣል። ሥራውን ለመቀጠል የሚያስፈልገው ሳፋ፣ ውኃና ዕውቀት ነውና።

ቦሩ ሜዳ ዛሬ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ከሥጋ ደዌ አልፎ በቆዳና በዓይን ሕክምና የወሎ ሰው የሚላክበት ቦታ ሆኗል። ሚስዮኑ ሄደ፤ ሥራው ግን በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች እጅ ቀጠለ። በእርግጥ ይህ ርክክብ በየቦታው እንዲህ አላማረም። በደርግ ዘመን ብዙ የሚስዮን ክሊኒኮች ተወርሰው መድኃኒት አጥተዋል፣ ባለሙያቸው ተበትኗል። ቦሩ ሜዳን ያቆየው የሠለጠነ የአገር ሰው መኖሩና ሕዝቡ ቦታውን የራሱ ማድረጉ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ፣ በተለይም የራያና ቆቦ ሰው፣ ወደ መንገዱ ወረደ። መኪና ባለበት እህል ይኖራል ብሎ ነው የወረደው። መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን ሲሞክር ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና ሌሎች የርዳታ ድርጅቶች በአንድ ላይ ተሰብስበው የክርስቲያን ርዳታና ልማት ማኅበርን የመሠረቱት በዚያ ረሃብ ምክንያት ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ተቋቁሞ ነበር።

ራያ ግን አሁንም “ሰባ ሰባት” ሲባል ነው ፊቱ የሚለወጠው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ቆቦ፣ አላማጣና ቆረም የሰው ባሕር ሆኑ። የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ያየው የቆረምን ሜዳ ነው። እዚያ ይሠሩ ከነበሩት ዋናዎቹ የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የእንግሊዙ የሕፃናት አድን ድርጅት ሃይማኖታዊ አልነበሩም። ከግራካሱ በታች አላማጣ ላይ ግን የክርስቲያን ድርጅቱ ወርልድ ቪዥን የምገባ ጣቢያ አቁሞ ነበር፤ የማዘር ቴሬዛ እኅቶችም እዚያው አላማጣ ውስጥ በሽተኛና ደካማ ይይዙ ነበር። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ የለበሱትን እኅቶች የአካባቢው ሰው አይረሳቸውም።

በመጠለያ ውስጥ ሰው የሚሞተው በረሃብ ብቻ አይደለም። ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ተስቦና ግርሻ የተዳከመውን ሕፃን ይጨርሱታል። የቆላው ሰው ልብሱ አልቆ ቆረም ደጋ ላይ ሲያድር ብርዱም ይገድለዋል። የነርሷ ቀን የሚጀምረው ክንድ በመለካት፣ ሕፃናትን በሚዛን በማንጠልጠልና ክብደታቸውን ከቁመታቸው ጋር በማስተያየት ነው። በጣም የተጎዱት የዱቄት ወተት፣ ዘይትና ስኳር ተደባልቆ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ በማንኪያ ይሰጣቸዋል። አንድ ጊዜ ብዙ ከጠጡ ሆዳቸው አይችለውም፤ ሌሊቱን ከተዘለሉ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ይሞታሉ። ለዚህም ማታ ማታ እናቶችን እየቀሰቀሰ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል። የተሻላቸው ፋፋ የተባለውን የዱቄት ምግብ ይበላሉ።

ግርሻ ደግሞ ነርስን ይፈትናል። በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ነው፤ አንድ ጊዜ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል። ነገር ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ መድኃኒቱ የገደለው ይመስለዋል። እነዚያን ሰዓታት አጠገቡ ተቀምጦ ፈሳሽ የሚሰጥ፣ ላብ የሚጠርግ፣ ለእናቱ በቋንቋዋ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገዋል። ያን ሥራ በአብዛኛው የሠሩት ከውጭ የመጡት ሐኪሞች አልነበሩም። ኢትዮጵያውያን ነርሶች፣ ድሬሰሮች፣ አስተርጓሚዎችና ከተረጂው መካከል የተመለመሉ ወጣቶች ናቸው። በዓለም ጋዜጦች ስማቸው አልወጣም። ቢያንስ በእንዲህ ያለ ንግግር ላይ ግን መነሣት አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥያቄ ይነሣል። እህልና መድኃኒት የያዘ ሰው ሃይማኖቱን አብሮ ቢያቀርብ የተራበ ሰው እንዴት በነጻነት ይመርጣል? ራያ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ለቅሶና ሠርግ ተካፍለው የሚኖሩበት አገር ነው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። ስንዴ የሃይማኖት መለወጫ እንዳይሆን ሽማግሌዎች መስጋታቸው ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ቀይ መስቀልና ታላላቅ የርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ፣ ርዳታ የፖለቲካም ሆነ የሃይማኖት አቋም ማስፋፊያ እንዳይሆን በግልጽ ይከለክላል። ከአርቃቂዎቹ መካከል የካቶሊኩ ካሪታስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ነበሩ። ክርስቲያን ድርጅቶች ራሳቸው ይህን ገደብ በራሳቸው ላይ መጣላቸው ለእምነታቸው ክብር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በሽተኛን ያለ ዋጋ ማከም ራሱ በቂ ምስክርነት ነው፤ ተጨማሪ ነገር አያሻውም።

አብያተ ክርስቲያናቱም እርስ በርሳቸው ተማምረዋል። የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያናት ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር ባቋቋሙት የጋራ የርዳታ ሽርክና አማካይነት በ1982 ዓ.ም. ከአሰብ በደሴ በኩል የእህል ካሚዮኖች የጦር ግንባር አቋርጠው ወደ ሰሜን እንዲያልፉ አደረጉ። በአንድ ወገን መንግሥት፣ በሌላው ወገን ሕወሓት ጠመንጃ እንደያዙ መኪኖቹን አሳለፉ። በዶግማ የሚለያዩ ሦስት ቤተ ክርስቲያናት በአንድ የጭነት ሰነድ ላይ መስማማታቸው፣ በዚህ መንገድ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ነው።

ይህ ሁሉ የመንገድ ታሪክ ነው። ገጠሩ ግን ከመንገድ ይርቃል። ዞብል ተራራ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ሁለት ቀን ካማጠች በኋላ ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው ቁልቁል ያወርዷታል። ተሸካሚዎቹ በየመቶ እርምጃው ይቀያየራሉ፤ ወንዝ ከሞላ ይጠብቃሉ። የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ የዳሌ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ሲቆይ የፊኛዋንና የብልቷን ሥጋ ደም ይከለክለዋል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ቀዳዳ ይቀራል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ በጓሮ ጎጆ ብቻዋን ትቀራለች። ፌስቱላ ይህ ነው።

አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ኒው ዚላንዳዊው ባለቤቷ ዶክተር ሬጅ ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነው። ሁለቱም ጽኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። ያገኟቸው ሴቶች ግን እንዲመለሱ አላስቻሏቸውም። በ1967 ዓ.ም. አካባቢ የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ በ1997 ዓ.ም. ለአማራ ክልል ሴቶች ባሕር ዳር ላይ ማዕከል ተከፈተ። ከስልሳ ሺህ በላይ ሴቶች በእነዚህ ቤቶች ታክመዋል። ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፈች።

ከሁሉም በላይ ለገጠር የሚጠቅመው ሥራዋ ግን በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የአዋላጆች ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ከገጠር ይመለምላል፤ በዲግሪ ያስመርቃቸዋል፤ ወደየመጡበት አካባቢ ጤና ጣቢያ ይልካቸዋል። ምጡ ከአሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ሲዘገይ ምልክቱን ለይታ “አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል” የምትል አንዲት አዋላጅ ፌስቱላው ከመፈጠሩ በፊት ታስቀረዋለች። ቀዶ ሐኪም ከዚህ የተሻለ ነገር ሊያደርግ አይችልም። ሜሊ ያላገኘውን ጊዜ ሃምሊኖች ስድሳ ዓመት አግኝተው ለዚህ አዋሉት።

መንግሥትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች መድቧል። ቆቦ ዙሪያ የወባ ምርመራ በደም ጠብታ፣ የአጎበር አጠቃቀም፣ ክትባትና የነፍሰ ጡር ክትትል ዛሬ የሚደርሰው በእነሱ በኩል ነው። በ2013 ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በሰሜን ወሎ ሲያልፍ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፤ አልጋው፣ ማይክሮስኮፑ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ሄዷል። ያልተዘረፈው የባለሙያው ዕውቀት ነው። ርዳታ የሚያሰባስቡ አብያተ ክርስቲያናትና በውጭ የሚኖሩ የራያ ተወላጆች ዕቃ ሲገዙ ለዕቃው ጠጋኝና ለተጠቃሚው ባለሙያ ሥልጠናም ገንዘብ ቢመድቡ መልካም ነው። ጠጋኝ ያጣ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው ጓዳ አቧራ ለብሶ ይታያል።

ለዛሬው ታዳሚ ከዚህ ታሪክ ወደ ቤት የሚወሰድ ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው ዓይንን ይመለከታል። አማራ ክልል ትራኮማ በእጅጉ ከጸናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ በሽታ የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌን ሲፍቅ ብዙ እናቶች በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ወረንጦውንም በአንገታቸው አንጠልጥለው ይዞራሉ። መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ያድጋል፤ ብሌኑም ጠባሳ እየያዘ ይሄዳል። የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናው በማደንዘዣ መርፌ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚያልቅ ሲሆን የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ይሠራዋል። እናቱ ወይም አያቱ ወረንጦ የያዘች ሰው ካለ ቀጠሮ ያሲዝላት።

ሁለተኛው ቆዳን ይመለከታል። ከሌላው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነካ የማይሰማ፣ የማያሳክክ ምልክት ያየ ሰው እንዳይደብቀው። ምልክቱ ያለበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ቢነካና ካልተሰማው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል፤ ከጀመሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሽታው ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ያቆማል። ጤና ጣቢያው ከተጠራጠረ ወደ ቦሩ ሜዳ ይልካል።